ሁለተኛው እጀታ

«እጅሽን ከማሽን አርቂ!»

ልጅቷ የምህንድስና ትምህርት ከጀመረች ወዲህ እናቷ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምትላት ይህንኑ ነው። ደህና ዋዪም፣ እወድሻለሁም፣ ጃንጥላሽን አትርሺም በዚህችው ቃል ይጠቀለላሉ። እናትየዋ የዓለም ክፉ ነገር ሁሉ አድራሻ እየጠየቀ እሷ ቤት የሚመጣ ይመስላታል። ባሏ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ በተኛ በሳምንቱ ስለተቀበረ ማንም አይፈርድባትም። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነ። ቁልፉ ሁለት፣ የእጅ ባትሪው ሁለት፣ የራስ ምታት መድኃኒቱ እንኳ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ልጅቷም በዚሁ አደገች። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ብሎን አውጪ ስትባል ሁለት ታወጣለች። ለምን ሲሏት «ትርፍ ይኑር» ትላለች። ተማሪው ስሟን ትቶ «ትርፌ» ያላት በዚህ ነው።

የዛሬው ጠዋት ግን ሌላ ነበር። እናቷ ከበር አልተመለሰችም። ወፍራሙን የሱፍ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ አብራት ወጣች። ተማሪዎቹ የሠሩት የዕቃ ናሙና የሚፈተንበት ቀን ስለሆነ ወላጆች ተጋብዘዋል።

«እማዬ፣ ባትመጪ እኮ ማንም አይቀየምሽም።»

«ተጠርቼ ልቅር?»

«የተጠራሽው ዕቃውን ልታዪ ነው። ልጁን ልትመረምሪ አይደለም።»

«እኔ ምን አልኩ? አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ።»

«ያን ቀንም አፌን እዘጋለሁ ብለሽ ነበር።»

ያን ቀን ማለት ልጅቷ የወደደችው የክፍሏ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው የመጣበት ቀን ነው። የልጁ አባት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከሥራ መቅረታቸውን ሰዎች ነግረዋት ስለነበር፣ ልጅቷ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ ጠየቀችው። «የአባትህ ሕመም ወደ ልጅ የሚሄድ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ልጄ?» ልጁ ሻዩን የሚያማስልበትን ማንኪያ አስቀመጠ። «እንጃ፣ እትዬ» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ልጁ በሙሉ ዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ጎን ለጎን ሄዱ። በእናትና በልጅ መካከል ሌላ ሰው የሚያስኬድ ክፍተት ነበር፤ ልጅቷ ያ ክፍተት የማን እንደሆነ አላጣችውም።

*

ወርክሾፑ ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ብረት የሚቀርጹት ቶርኖዎች ተደርድረዋል፣ በሌላው ወገን ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ የተገጠመባቸው ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። ከበስተኋላ ጭቃ የሚቀረጽባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መሐል ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር ብቻውን ተቀምጧል።

መምህሩ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ወረቀት ላይ ምንም ዕቃ ተሰብሮ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀታችሁን አላምንም። ሠርታችሁ፣ ሰብራችሁ፣ እንደገና ሠርታችሁ አምጡልኝ።» ተማሪው መጀመሪያ በካርቶን ይሠራል። ቀጥሎ ቅርጹን በጭቃ ያወጣል። ብረትና ፕላስቲክ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ለጭቃው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። «ከወሰናችሁ ይድረቅ። ካልወሰናችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት።» የእንጨቱ ወንበር የተጠቃሚው ወንበር ይባላል። ዕቃው የተሠራለት ሰው ራሱ እዚያ ላይ ተቀምጦ ካልተገለገለበት ነጥብ የለም። ነጥብ ከሌለ ምረቃ የለም።

ልጅቷ ያለችበት ቡድን ሦስት ሰው ነው። አንዱ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉታል። ሌላው ያ ልጅ ነው፣ «ሚሊሜትር»። ልጁ ይህን ስም ያገኘው ሌላው በካሊፐር፣ በብረቱ መለኪያ፣ የሚለካውን እሱ በዓይኑ ገምቶ ስለማይስት ነበር።

ፍቅራቸውም የመጣው ከዚሁ ካሊፐር ጋር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ቆመው ሲሠሩ፣ ልጁ የካሊፐሩን ሁለት መንጋጋ በቀለበት ጣቷ ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ ገጠመው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን እየለካህ ነው?» አለችው።

«ለሌላ ቀን የሚሆን።»

«ጻፈው እንጂ ታዲያ።»

«በቃሌ ይዤዋለሁ» አለና ዓይኗን አየ። ልጅቷ ያን ዕለት ያበላሸችውን ብሎን ቆጥራ አትጨርሰውም።

የሚሠሩት ኩባያ ለልጁ አባት ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በገዛ እጃቸው ውሃ መጠጣት አይችሉም፤ ያጠጧቸዋል። ኩባያው በሁለት ቀለበት መካከል ተንጠልጥሎ እጀታው ከውጪኛው ቀለበት ጋር ይያያዛል። እጅ ሲናወጥ ቀለበቶቹ ይዞራሉ፣ ውሃው ግን ባለበት ይረጋል። ልጅቷ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ እንደ ልማዷ ሁለት እጀታ ሠራችለት። ልጁ ምንም ሳይናገር አንዱን በላጲስ አጠፋው።

«ለምን አጠፋኸው?»

«አያስፈልግም።»

«ሁለት ጆሮ ከሰጠነውማ ሐሜት መስማት ይጀምራል!» አለ ሬዲዮ። እሱ ብቻ ሳቀ።

ልጅቷ እንደገና ሣለችው፤ ልጁ እንደገና አጠፋው። ይህ የሆነው እናቷ ያንን ጥያቄ ከጠየቀችው በኋላ ነው። ከዚያ ለኪልኝ እያለ ካሊፐሩን ወደ እሷ ይገፋ ጀመር። ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ዳር ይቆማል። አብረው ሲወጡ እጇን ይይዝ የነበረው ልጅ በሌላኛው የመንገድ ዳር መሄድ አመጣ። እጀታውንም ብቻዬን እሠራዋለሁ አለ። ጭቃውን ወደ ቤት ወስጄ አባቴን አስጨብጠዋለሁ፣ የጣቶቹ ማረፊያ ከዚያ ይወጣል አለ። በጭቃው ላይ ጀሶ አፍስሶ ቅርጹን ያወጣው፣ በጀሶው ውስጥ ጎማ የሞላው እሱ ነው። ያለቀውን እጀታ ትናንት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላትና ሄደ። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ በደንብ እንኳ ሳታየው፣ ከቀለበቱ ጋር በብሎን አሰረችው።

ኩርፊያው እናቴን መበቀያው ነው ብላ ነበር። ፍቅርን እንደ እርሳስ መስመር የሚያጠፋ ሰው ወድጄ ነበር ብላ ነበር።

*

ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደረደሩ። እናትየዋ ከማሽኖቹ በጣም ራቅ ያለውን መርጣ ተቀመጠች። የልጅቷ ቡድን ተራ ሲደርስ ልጁ ዘግይቶ ገባ። ልጅቷ ፊቱን አየችው፤ እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው።

«አባትህስ?» አሉ መምህሩ።

«አይመጣም። ጠዋት ስናነሣው ወደቀ። ከአልጋ አልወርድም ብሏል።»

«ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሕጉን ታውቃላችሁ።»

«እኔ ልቀመጥ!» ሬዲዮ ዘሎ ገባ። «እጄን እያንቀጠቀጥኩ እጠጣለሁ። ዛሬ ቁርስም ስላልበላሁ ብዙ ማስመሰል አይጠበቅብኝም።»

ተማሪው ሳቀ። ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እጀታውን ጨበጠ፤ ግንባሩን አኮማተረ። «እንዴ! ጣቴ አይገባም እኮ። ይሄ የሰው ጫማ እንደ መጫማት ነው።»

«በልክ የተሠራ ስለሆነ ነው» አሉ መምህሩ። «ደግሞ ማስመሰል አይፈቀድም፤ ተነሥ። እንግዲህ የሦስታችሁም ምረቃ ለከርሞ ይሸጋገራል ማለት ነው።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ሬዲዮ ከወንበሩ ተነሣ። ያኔ ልጁ ሁለት እጁን ከኪሱ አወጣና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ውሃ ቅጂበት» አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገራት ቃል ይህ ነበር።

ልጅቷ ኩባያውን ሞላችና ፊቱ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ እጁን ዘረጋ። እጁ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ጣቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ወዲያው እስከ ክርኑ ወጣ።

«ጎበዝ ተዋናይ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሚሊሜትር፣ አሁንስ በሜትር ሆነብህ!» አለ ሌላው። ሳቁ ወርክሾፑን ሞላው። ከወላጆች መካከል ሳትስቅ የቀረች የልጅቷ እናት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨምድዳ ቆማለች።

ልጁ እጀታውን ጨበጠ። ቀለበቶቹ ወዲህና ወዲያ ዞሩ፣ እጁ ተናወጠ፣ ውሃው ግን እንደ ረጋ ከንፈሩ ደረሰ። ጠጣ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ጭብጨባው ሲነሣ ልጅቷም ልታጨበጭብ እጇን አነሣች።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

የልጁ አባት አናጺ ነበሩ። ከቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሹን መጋዝ ወስዶታል። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄዳ ሲጨብጧት ያቺ አጭር ጣት መዳፏን ነክታታለች። በዚህ እጀታ ላይ ያሉት የጣት ማረፊያዎች ግን አራቱም ሙሉ ናቸው። የልጁ ጣቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አልጋ ላይ እንደተኙ ሁሉ ገብተዋል።

ጭቃውን የጨበጡት አባቱ አይደሉም።

ኩባያው ሠርቷል። ልጅቷ ምነው ባልሠራ፣ ምነው ውሃው በሙሉ ፈስሶ እሱ እጁን አራግፎ በሳቀ ብላ ተመኘች።

«ጥሩ» አሉ መምህሩ። እሳቸውም አልጠረጠሩም። «ጠረጴዛ በሌለበትስ? ሰውየው አልጋ ላይ ቢሆንስ? አንቺ አቀብዪው።»

ልጅቷ ኩባያውን አነሣች። መያዣው አንድ ስለሆነ በእጀታው ያዘችው። ልጁም እጁን ዘርግቶ ያንኑ እጀታ ፈለገ፤ ጣቶቹ በጣቶቿ ላይ ተንቀጠቀጡ። ልትለቅለት ብላ በሌላ እጇ ቀለበቱን ደገፈች። ቀለበቱ መዞሩን አቆመ። ውሃው በሙሉ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

ልጅቷ ቀለበቱን ለቀቀች።

«ታያላችሁ?» አሉ መምህሩ። «የሚያቀብለውን ሰው ረስታችኋል። እሱ እጁን የት ያድርግ? ለምን አንድ እጀታ ብቻ ሆነ?»

«በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ሁለት ነበር» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ።

«ምክንያትህ?»

«የሚያቀብለኝ ሰው እንዳይ…» ከንፈሩን ላሰ። «የሚያቀብለው ሰው እንዳያስፈልግ ብዬ ነው።»

ከአንዲት «ኝ» የተነሣ ያ ሁሉ ሰው የእጁ መንቀጥቀጥ ማስመሰል እንዳልነበረ ገባው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው ማድረጉን ረሱት። ልጁ ተነሣ፤ ውሃ የጠጣ ሱሪውን ይዞ ወደ ጭቃው ክፍል ገባ። ልጅቷ ባዶውን ኩባያ እንደያዘች ቀረች። እጀታው ገና ሙቀቱን አልለቀቀም፤ ያ ሙቀት ልቧ ድረስ አቃጠላት።

*

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮት ይመለከታል።

«መቼ ጀመረህ?»

«ምኑ?»

«አትቀልድብኝ።»

ልጁ ዘወር ሳይል መለሰላት። «ካሊፐሩን ላንቺ መስጠት ከመጀመሬ ጥቂት ቀደም ብሎ።»

«እኔ እኮ በእናቴ ያኮረፍክ መስሎኝ… እሷን ስንት ነገር እንደተናገርኳት ታውቃለህ?»

«እናትሽ ምን አጠፉ? ሰው ሁሉ የአባቴን እጅ እያየ ዓይኑን ሲያሸሽ፣ ደፍረው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ያን ቀን እንጃ አልኳቸው እንጂ ማንኪያው በእጄ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል።»

«ሐኪም ምን አለ?»

«የአባቴ ነው አለ። የአያቴም። እነሱን ከሸመገሉ በኋላ ነው የያዛቸው፤ በእኔ ቸኮለ። መጀመሪያ እጅ ነው። ቀጥሎ እግር። ቀጥሎ ምላስ።» አሁን ዘወር አለ። ዓይኖቹ ደረቅ ነበሩ፤ ልጅቷን ያስፈራት ይህ ነው። «አባቴ ስሜን ሊጠራ ሲጀምር እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አልጨርስለትም። ምክንያቱም የቀረው ነገር ቢኖር ስሜን መጥራት ነው። እናቴ በፎጣ አፉን ትጠርግለታለች፣ ከዚያ በዚያው ፎጣ የራሷን ዓይን ትጠርጋለች። በአንዱ ፎጣ፣ ትርፌ! እኔን መታመሙ አይደለም የገደለኝ። አንቺ ያንን ፎጣ ይዘሽ በሐሳቤ ስትመጪብኝ ነው።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

«ብጠይቅሽ እሺ እንደምትዪ አውቃለሁ። የፈራሁት እሱን ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስምሽን አስቢው እንጂ። ትርፌ ተብለሽ ኪሳራ ታገቢያለሽ?»

«እሱን እኔ ላስላው!» ድምፅዋ ግድግዳውን መታ። «ሁሉን ብቻህን ለክተህ፣ ብቻህን ቆርጠህ፣ እኔን በላጲስ አጠፋኸኝ! ያን ቀን የለካኸውን ጣቴንስ? እሱንም አጠፋኸው?»

ልጁ የቀለበት ጣቷን አየ።

«አሥራ ስድስት ነጥብ አራት» አለ።

ያኔ ልጅቷ አለቀሰች። እያለቀሰች ከበርሜሉ አንድ እፍኝ ጭቃ ዘገነች፤ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ደበደበችው፣ አድቦልቡላ እጀታ አስመሰለችው። ከዚያ በቀኝ እጇ ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው። ስትለቀው አምስቱም ጣቶቿ፣ የመዳፏ መስመር ሳይቀር ታትሞበት ነበር።

«ይኸው ሁለተኛው እጀታ።»

«አጥፊው። ሳይደርቅ አጥፊው።»

«አንተ አጥፋው። ልማድህ አይደል? እጅህን ጣልበትና ጥረገው። ካጠፋኸው እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ ስምህን አልጠራም።»

ልጁ ቀረበ። እጁን በጭቃው ላይ ዘረጋ። እጁ ከጭቃው በላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሕመሙ ይሁን ልቡ ልጅቷ መለየት አልቻለችም። መዳፉ ወረደ። ጣቶቹ የእሷን ጣቶች ቦታ አንድ በአንድ ነኩ። ሊጠርገው ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

የውሃ ድምፅ ሰማች። ዓይኗን ስትገልጥ ልጁ አንድ ስስ ጨርቅ ከቧንቧው ሥር ይዞ ነበር። ሊጨምቀው ሲታገል ጨርቁ እየተጠመዘዘ ከእጁ ይወጣል፤ ያነሣዋል፤ እንደገና ይወጣል። ልጅቷ ልትረዳው እጇ ተነሣ፤ ያንኑ እጇን በሌላኛው ያዘችው። ልጁ በመጨረሻ ጨመቀው። አምጥቶም ጭቃውን አለበሰው።

እሺ አላለም። እምቢም አላለም። አጠገቧ ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዋን ነካ፣ እዚያው ትንፋሽ ያህል ቆየ፣ ከዚያ ወጣ። ልጅቷ ሙሉ ደስታን እንዲህ ባለ ጥቂት ነገር፣ ሙሉ ሐዘንንም በዚያው ውስጥ፣ ተቀብላ አታውቅም ነበር።

*

እናቷ ከበሩ ውጪ ቆማለች። ልጅቷ «አላልኩሽም?» የሚለውን ቃል ጠበቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉንፋን ሲይዛትም፣ ፈተና ስትወድቅም ያ ቃል ቀርቶ አያውቅም።

«ያለበሰው ጨርቅ ስስ ነው» አለች እናቷ።

«ምን?»

«በበሩ ክፍተት አየሁት። እስከ ጠዋት አይቆይም፣ ይደርቃል። መስኮቱም ክፍት ነው፣ ነፋስ ይገባል።» ከአንገቷ ላይ ሻርፑን መፍታት ጀመረች። «እናንተ እኮ ነገ የሚባል ነገር አታስቡም።»

«እማዬ፣ ተዪው፣ ሻርፕሽ ይበላሻል።»

«ይበላሽ!»

ገባች። መስኮቱን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው። ወፍራሙን ሻርፕ ከቧንቧው ሥር ነክራ ጨመቀችው፤ ስሱን ጨርቅ ሳታነሣ ከላይ አለበሰችው። ዳር ዳሩን እየዞረች ወደ ውስጥ ሸጎጠችው፣ ሕፃን ልጅ ብርድ እንዳይነካው በሚሸጎጥ አኳኋን። ልጅቷ ይህን አሸጓጎጥ በገዛ ብርድ ልብሷ ታውቀዋለች።

እናቷ ሥራዋን ስትጨርስ ቀና አላለችም።

«ፎጣ ያለውን ሰምቻለሁ» አለች እናትየዋ። «አንድ ፎጣ አይበቃም።»

ከዚያ ጭቃ የያዘውን የልጇን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እጅሽን…» አለች።

በየጠዋቱ የምትለው ነው፤ ልጅቷ ቀሪውን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን ለእናቷ አልጨረሰችላትም። ቆማ ጠበቀቻት።